በቁም ሳጥን በር ላይ የተለጠፈ ሰማይ

ባለፈው ሳምንት ጅዳ፣ አል-ባላድ ገበያ ውስጥ ልጄ ሀያት የብስኩቷን መጠቅለያ መንገድ ላይ ጣል ስታደርገው፣ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ወረደና አነሳው፤ ወደ ከንፈሬ አስጠግቶ አሳመኝ፣ ግንባሬንም አስነካኝ። ሀያት አፏን ይዛ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ማን እንዳነሳው ወዲያው አውቄያለሁ። እናቴ ናት፤ አፈር ከለበሰች ስንት ዓመቷ፣ ዛሬም በእኔ እጅ ወረቀት ትለቅማለች።

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከወሎ ገጠር ወደ ጅዳ ስትመጣ ማንበብ አታውቅም ነበር። በእሷ አገር የዐረብኛ ፊደል የሚታየው ቁርኣን ላይ ብቻ ነው፤ ቁርኣን ደግሞ የሚቀመጠው ከሰው ራስ በላይ ነው። እንግዲህ ይህች ሴት በግዳዲያ የሚባለው የጅዳ ሰፈር ስትደርስ፣ ያ የተከበረ ፊደል በሻይ ካርቶን፣ በሳሙና ከረጢትና በዶሮ ጥብስ መጠቅለያ ላይ ሆኖ እግር ሥር ሲንከባለል አይታ ምን እንደተሰማት አስቡት። ረግጣ ማለፍ አልሆነላትም። ታነሳለች፣ ትስማለች፣ ቤት አምጥታ ጆንያ ውስጥ ታኖራለች። እዚያው ተወልደን ዐረብኛውን እንደ ውሃ የምንጠጣው እኛ ልጆቿ «እማ፣ ይሄ እኮ የሳሙና ማስታወቂያ ነው» ስንላት፣ «መሐሉ ላይ የጌታችን ስም ቢኖርስ?» ትለናለች፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ያበቃል።

አባቴ ከጅዳ መካ የዑምራ ተጓዦችን የሚያመላልስ የአውቶቡስ ሹፌር ስለነበር አልፎ አልፎ ይዞን ይሄዳል። ከሐረም መስጊድ ወጥተን አውቶቡሱ እስከቆመበት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ከእናቴ ጋር ግን አያልቅም፣ በመካ ምድር ላይ የወደቀ ፊደልማ እንዴት ተደርጎ ይታለፋል! አባቴ ጥሩምባውን እየነፋ «ያላ፣ አንቺ ሴትዮ! ተሳፋሪው ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው!» ይላል፤ እሷ ግን ጎንበስ ቀና እያለች፣ የአባያዋ እጅጌ በወረቀት እንደተነፋ፣ ቀስ ብላ ትመጣለች።

መከራው የመጣው አከራያችን ቤቱን ለልጁ ፈልጎት ጃሚዓ ሰፈር ወደምትገኝ ጠባብ ቤት ልንዛወር ስንል ነው። አባቴ የተደረደሩትን ጆንያዎች አየና «ኸላስ! ወይ ወረቀቱ ይሄዳል፣ ወይ እኛ እንቀራለን» አለ። እናቴ አልተከራከረችም፤ አንዱ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ለሳሙና ካርቶን የሚያለቅስ ሰው አይቼ ስለማላውቅ መሳቅ ቃጥቶኝ ነበር። የጌታዋን ስም በገዛ እጇ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ከምትጥል እጇ ቢቆረጥ ትመርጥ ነበር፤ አባቴም ይህን ያውቃልና ክርክሩን ሳይገፋ ወጣ።

እኔ ያን ጊዜ ያገኘሁትን ሁሉ ካገኘሁት ጋር የማጣብቅ፣ ጣቶቼ ከሙጫ የማይጠሩ ልጅ ነበርኩ። ከበርሜሉ አጠገብ ሰው የጣለው የቁም ሳጥን በር ነበር። ከወንድሜ ጋር እየጎተትን አመጣነውና «እማ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት እኮ አይረገጥም» አልኳት። እሷም ዓይኗን ጠርጋ ተነሳችና የዱቄት ሙጫ ልታበስል ድስት ጣደች።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አዘዘች፤ መቀስ ከመንካቱ በፊት እያንዳንዱ ወረቀት ይነበብላት። እኛ እናነባለን፣ እሷ ትዳኛለች። የአብዱላህ ዳቦ ቤት፣ የአብዱረህማን የልብስ ንጽህና መስጫ፣ የአብዱልከሪም ሥጋ ቤት ሲመጣ «አላልኳችሁም!» ትላለች፣ ጦርነት እንዳሸነፈ ሰው ደረቷን ነፍታ። እንደ አላህ፣ ረህማን፣ ከሪም ያለ የፈጣሪ ስም ያለበት አይቆረጥም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ሰማዩ ይሄዳል። ሻዩ፣ ሳሙናውና ብስኩቱ ወደ ታች፣ ወደ ምድሩ። ምድሩ እኛ አይተነው የማናውቀው የእሷ አገር ነበር፤ ተራራው እስኪያብጥ የተደራረበ አረንጓዴ የሻይ ካርቶን፣ የቤቱ ጣራ የቱና ጣሳ ክዳን፣ መንገዱ የቴምር ፍሬ፣ በጎቹም የአባቴ አሮጌ ሸሚዝ ቁልፎች። «ተራራው ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ስትል ፊቷ የልጃገረድ ፊት ሆነ። አባቴ ከሥራ ሲገባ ደፉ ላይ እንደቆመ አየውና «ወንዙን ረስታችኋል» አለ፤ እጅጌውንም ጠቅልሎ፣ ከብርማ የቸኮሌት ወረቀት እየቀደደ፣ ወንዙን ራሱ ለጠፈው። ወደ ጃሚዓ ስንዛወር ያንን በር በአውቶቡሱ የጫነውም እሱ ነው።

ዛሬ በሩ እኔ ሳሎን ተሰቅሏል። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሁለት በጎችም ወድቀው ጠፍተዋል። ተራራው የት ጋ እንደሆነ የሚያውቁት ሁለቱም፣ አባቴም እናቴም፣ ዛሬ የሉም፤ እናቴ ተራራዋን ዳግም ሳታየው ነው የሄደችው፣ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዳቦ ቤቱም ሥጋ ቤቱም በቦታቸው የሉም። የልጅነት ሰፈሬ ሲናፍቀኝ ቀና ብዬ ሰማዩን አነባለሁ።

ያን ቀን ከአል-ባላድ ስንመለስ ሀያት፣ አማርኛዋ ጉራማይሌ የሆነችው ልጄ፣ የብስኩቱን መጠቅለያ ከቦርሳዬ አወጣችና ጉልበቷ ላይ እያሸች አቃናችው። ግድግዳውን አየች፣ መጠቅለያውን አየች።

«ማማ፣ ይሄ፣ ላይ ነው ወይስ ታች?»

ሙጫውን ከመሳቢያው አወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ማንበብ እንደማትችል ሴትም ሆኜ «አንብቢልኛ» አልኳት።