ከጀማል እጅ የበላሁት

አሰበ ተፈሪ

መቻራ የሄድኩት ለጀማል አንድ ነገር ልነግረው ነው። እናቴን «ጓደኛዬ ናፈቀኝ» ብያት ወጣሁ፤ ውሸትም አልነበረም። ጀማል የመቻራ ልጅ ነው። ለትምህርት ብሎ አሰበ ተፈሪ መጥቶ፣ እኛ ሰፈር ቤት ተከራይቶ፣ አራት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ አብረን ተቀምጠናል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምንሄደው። በእኛ አገር ወንድና ወንድ እጅ ቢያያዝ ማን ዞር ብሎ ያያል? እሱ እጄን ሲለቀኝ ምን እንደምሆን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ስንጨርስ እሱ አገሩ ገባ። እኔ ውጤት እየጠበቅሁ ነው፤ ካልመጣልኝ ብሔራዊ ውትድርና አለ። ሳልነግረው ብሞትስ? ይሄ ነው ያስነሳኝ።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይዤ፣ ሦስት ብር ከፍዬ፣ ጨው በጫነ ኤንትሬ መኪና ጆንያ ላይ ተሰቀልኩ።

በዴሳ፣ ከዚያም ገለምሶ

ዝናቡ በዴሳ ሳንገባ ያዘን። ሸራው ቀዳዳ ስለነበር እስከ አጥንቴ በሰበስኩ። ገለምሶ ኬላው ላይ አንድ ታጣቂ ወረቀቴን አገላብጦ «ምን ልትሠራ ነው?» አለኝ።

«ጓደኛዬን ልጠይቅ።»

«ታሟል?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለደህና ሰው ይሄን ሁሉ ጭቃ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ! ፓስቲ በሻይ ቀምሰን ተነሳን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ፣ መንገድ ካሉት ነው። ጎማው በሰመጠ ቁጥር እየወረድን ስንገፋ ውለን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቻራ ደረስን።

መቻራ

ጀማል ሲያየኝ ሮጦ አቀፈኝ። እናቱ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በሰበስክ እኮ!» እያሉ ደረቅ ልብስ አመጡልኝ። ገና ጭቃዬን ሳልታጠብ ዶሮ ተያዘ። እነሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ የእነሱን ሥጋ የበላ ሰለመ ማለት ነው፣ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። ስለዚህ አቶ ታደሰ የሚባሉ ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርተው አረዱልኝ፤ ሚስታቸው በራሳቸው ድስት ሠሩ፤ ብቻዬን እንዳልበላም አቶ ታደሰ አብረውኝ ቀረቡ። ከጎናችን ባለው ትሪ ጀማልና አባቱ ሼህ ዑመር የፍየል ሥጋ ይበላሉ። በአንድ ዓመት የምትበልጠው እህቱ ዘይቱና ማስታጠቢያ ይዛ ቆማለች።

ጀማል ሊቀልድብኝ ከራሱ ትሪ ሥጋ ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋ። «አትደፍርም!»

አፌን ከፈትኩና ጎረስኩ።

አቦ! አቶ ታደሰ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሼህ ዑመር እኔን አዩ፣ ዘይቱናን አዩ፣ ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልጄ፣ ፍቅር ነውር አይደለም። ዘይቱናን ከፈለግህ ሽማግሌ አለ፣ ወግ አለ። ቤቴ ቤትህ ነው።»

ክው አልኩ። ዘይቱና ማስታጠቢያውን አስቀምጣ ወጣች።

ጀማልን ጎትቼው ከጓሮ ቡናው ውስጥ ገባን። «ንገራቸው እንጂ!» አልኩት።

«ምን ብዬ? እሺ በል። ወላሂ፣ እሺ በል። ዘይቱናን ታገባለህ፣ እዚሁ ትቀራለህ፣ ዕድሜ ልካችንን አንድ ግቢ እንኖራለን።»

«እኔ የምወደው አንተን ነው፣ ጀማል። ይሄን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። እሺ በል የምልህስ ለምን ይመስልሃል?»

ስመኘው የኖርኩትን ቃል ሰማሁ፤ ግን «ዘይቱናስ?» አልኩት።

«ትለምድሃለች።»

«የሰው ልጅ መጋረጃ ትሆናለች እንዴ? እህትህ እኮ ናት!»

አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

መልስ ጉዞ

በማግስቱ ሼህ ዑመርን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። «የበላሁት ለዘይቱና ብዬ አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ ለማን ብለህ?»

«ለጀማል። የምወደው እሱን ነው። እሱ ግን አያውቅም።» የመጨረሻዋን ዋሸሁ፤ እዚያ ቤት የሚኖረው እሱ ነውና።

የሚቆጥሩት ሙስበሃ እጃቸው ላይ ቆመ። «አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው አይወቅ» አሉ። «በል መኪናው ሳያመልጥህ ሂድ። አላህ በሰላም ያግባህ።»

ጀማል ሊሸኘኝ አልወጣም።

ማዕዱ ላይ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀውኝ የነበሩት አቶ ታደሰ በሌላ መኪና ቀድመውኝ ኖሮ፣ «ሰለመ» የሚለው ወሬ ቤቴ ገብቷል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጎረቤት ከቧት አገኘኋት። ሁሉንም አስወጣችና እጄን ያዘች። «የእስላም ልጅ ናት ያታለለችህ፣ አይደል? አዎ በለኝ። ንስሐ አባትህን እጠራለሁ፣ ጸበል ትጠመቃለህ፣ ያልቃል።»

አንድ ውሸት መቻራ ትቼ መጥቻለሁ፤ ሁለተኛውን ልሸከመው አልቻልኩም።

«ሴት የለችም፣ እማዬ። ሃይማኖቴንም አልለወጥኩም። የምወደው ጀማልን ነው፤ እሱ ስላጎረሰኝ በላሁ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጄን ለቀቀችኝ።

እስላምና ክርስቲያንን ከሚለየው የከበደ ድንበር ያለ አይመስለኝም ነበር። ያ ድንበር ግን ለካ በዚያ ወገን ሽማግሌ አለው፣ በዚህ ወገን ጸበል አለው። የእኔ ምንም አልነበረውም። ይሄንን ነው ከመቻራ ይዤ የተመለስኩት።

ልጇ እንዳይሰልምባት በየታቦቱ ስትሳል የኖረች እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና «ምነው በሰለምክልኝ!» አለች።