የእናቴ ዓይንና የስቅለት ስግደት

እናቴ ግራ ዓይኗን ያጣችው በሞራው ሳይሆን በመድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒት ካሉት። እኔ ሌላ አገር ሳስተምር፣ ብቸና ውስጥ የዓይን ሞራ ያነሣል የተባለ ሰው ቅጠል ጨምቆ አንጠባጠበባት። ዓይኗ ቆሰለ፣ ጠባሳ ሠራ፣ በዚያው ጠፋ። እኔ ተዛውሬ ብቸና ስመለስ ቀኙም ጉም ለብሶ ነበር። በር ላይ ቆሜ "ማን ነሽ?" ትለኛለች። የገዛ ልጇ ነኝ እኮ!

በዐቢይ ጾም ማለቂያ ላይ፣ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ሞጣ መጥተዋል ሲባል ሰማሁና ወሰድኋት። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳን። ሞራ ከላይ የተለጠፈ ነገር አይደለም፤ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በዕድሜ ብዛት ሲደፈርስ ነው። ጠብታም ቅጠልም አያጠራውም፤ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። እናቴ ሰምታ ስትጨርስ "ማርያም እጅህን ትባርከው" አለችው።

ቀኝ ዓይኗ ኦፕራሲዮን በሆነ በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ጣራውን አየች። ቀጥላ ነርሷን አየች። ከዚያ ወደኔ ዞረችና "አንቺ! ሸብተሻል እኮ!" አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ነርሷ ጠበቅ አድርጋ መከረቻት። ቁስሉ እስኪጠግግ ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሣት የለም፣ ውሃም እንዳይነካው። እናቴ ለሁሉም "እሺ" አለች። ስንመለስ አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ ላይ ቆመ። ቤተ ክርስቲያኑን በመስኮት ተሳለመችና "ስቅለት ቀረበ አይደል?" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁት።

ለእናቴ ስቅለት ማለት ስግደት ነው። አራስ ሆና ከተኛችበት ዓመት በስተቀር፣ ግንባሯ መሬት ሳይነካ የዋለበት ስቅለት የለም።

"ያለሽ አንድ ዓይን ነው! መለዋወጫ አለሽ ወይ?" አልኋት።

"እሱንስ ማን ሰጠኝና?" አለች።

አላማረኝም። ከጀርባዋ ሄጄ ለነፍስ አባቷ ነገርኋቸው። አስተዋይ ሰው ናቸው፤ አስጠርተዋት "ዘንድሮ ቆመሽ ጸልዪ፣ በልብሽ ስገጂ" አሏት። ከዚያ ወዲያ ኩርፊያዋ አይጣል ነው። "በነፍሴ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገሽ?" አለችኝ። ጥልቅ ማለት ልማዴ ስለሆነ አልተከራከርሁም።

የስቅለት ዕለት ከአጠገቧ አልራቅሁም። ሕዝቡ "ኪርያላይሶን" እያለ ሲወድቅ ሲነሣ፣ እሷ ብቻ ምርኩዟን ተደግፋ ቆማ ቀረች። ከኋላችን ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ እሷም ሰምታለች። አንገቷን እንኳ መስበር ፈርታ ፊቷ በእፍረት ሲለዋወጥ አየሁና አሳዘነችኝ።

ወደ ማምሻው እንደ ደንቡ ምእመኑ እየተናዘዘ፣ ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ እየተደረገ ስግደት ሲታዘዝ ተራዋ ደረሰ። ቄሱ የማናውቃቸው ወጣት ነበሩ። እንደማንኛውም ሰው "ስገጂ" ብለው ቁጥሩን ነገሯት።

"አባ፣ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ሆና ነው፤ ጎንበስ እንዳትል ተከልክላለች። እኔ ልስገድላት?" አልሁ።

አየት አደረጉኝና "ስገጂላት" አሉ።

እኔ በስግደት ሰነፍ ነኝ። በቅጥሩ ካለው ዛፍ ሥር ደረቅ አፈር ላይ እወድቅ እነሣ ጀመር። በመካከል ትንፋሽ አጥሮኝ ቆም ስል እናቴ ነጠላዬን አራገፈችልኝ፤ ቀጠልሁ። ግንባሬ መሬት ሲነካ እሷን ማየት አልችልም፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነበር። በመጨረሻ ጨርሼ ቀና ስል ግንባሯ ላይ አፈር አለ።

"ሰገድሽ!" ብዬ ጮኽሁባት።

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አለች እንጂ አልሰገድሁም አላለችም።

በፋሲካ ማግስት ዓይኗ ቀላ፤ ያነባም ጀመር። ከሞጣ ያመጣነውን ጠብታ በየሰዓቱ አደርግላታለሁ፤ ከዚያ ውጭ አልተነጋገርንም። የተሰጣትን ዓይን ለአፈር ገበረችው እያልሁ ተናደድሁ። ከንዴቱ ሥር ያለው ግን ፍርሃት ነበር፤ አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ እንደገና "ማን ነሽ?" ልትለኝ ነው።

ሞጣ መልሼ ወሰድኋት። በመንገድ ሙሉ እሷ በመስኮት ማሳውን እያየች፣ እኔ እሷን እያየሁ ደረስን። የዘመቻው ሐኪሞች ሄደዋል፤ ነርሷ ግን የዚያው የሞጣ ሠራተኛ ናት። በባትሪ እያበራች ብዙ አየቻት።

"ቁስሉ ድኗል። አቧራ ገብቶበት ነው የቀላው፤ በጠብታ ይተዋታል" አለች። "በደንብ ተጠንቅቀዋል፣ እማማ።"

"ምን ተጠነቀቀች! ስቅለት ዕለት ሰግዳ!" ብዬ ከሰስኋት።

"አልሰገድሁም" አለች እናቴ።

"ግንባርሽ ላይ የነበረው አፈርስ?"

"ያንቺ ነው። ነጠላሽን ሳራግፍልሽ በጣቴ ጠረግ አድርጌ ግንባሬ ላይ ቀባሁት። አገር ምድሩ ግንባሩ አፈር ለብሶ፣ እኔ ብቻ በንጹሕ ግንባር ከቤተ ክርስቲያኑ ልውጣ?"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? ሰገድሽ አልሽኝ እንጂ።"

ከወንበሩ ተነሣች። እንደ ልማዴ ክንዴን ስዘረጋላት አልያዘችኝም። ነጠላዋን አስተካከለችና በሩን ራሷ አይታ ቀድማኝ ወጣች።