የቮልሷ ግራ ጎን

ሳብሪያ ሙሐመድሸሪፍ መኪና የላትም፤ መንጃ ፈቃድም የላትም። ሞጣ ውስጥ ግን መኪናውን አሳምሮ ሰው ፊት ሊያቀርብ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለው ላቫጆ የእሷ ነው። እዚያ የሚታጠበው መኪና ብቻ አይደለም፤ የከተማው ወሬም ተወልውሎ የሚወጣው ከዚያው ነው።

የታወቀችው በሰሟ ነው፤ በንብ ሰም። አባቷ ሐጂ ሙሐመድሸሪፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰም ነጋዴ ነበሩ። ሰም የሚገኘው ጠጅ ቤት ነው፤ እሳቸው ደግሞ የጠጅ ቤት ደጃፍ አይረግጡም። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ጥላቸውን ዘርግተው ይቆሙና "ሰፈፍ አለ?" ብለው ይጣራሉ፤ ከጠጁ ላይ የተገፈፈው ሰም በጆንያ ይወጣላቸዋል። ወስደው ያፈላሉ፣ ያጠልላሉ፣ ይሸጣሉ። ሳብሪያ ላቫጆውን ስትከፍት ቤታቸው ሰም በሰም ነበርና ጥቂቱን ከተልባ ዘይት ጋር አቅልጣ አንድ የአይሱዙ በር ላይ ሞከረችው። ሹፌሩ በበሩ ላይ የገዛ ጥርሱን አይቶ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው።

ሁሉም ደህና ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ሙሐመድያሲን ከአዲስ አበባ እስኪመለስ። ሙሐመድያሲን ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፤ አንድ ብትለው ሦስት ይመልሳል። አራት ዓመት መኪና ማስዋቢያ ቤት ሠርቶ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ጠርሙሱ ይበዛ ነበር። ጠርሙሱ ሲላንት ይባላል፤ ፋብሪካ የሠራው የቀለም መከላከያ ነው።

"እታለም፣ ሰምሽን አልናቅሁትም" አላት። "ግን ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ አቧራ ይይዛል። ዝናብ ሁለት ሦስቴ ካገኘው ደግሞ የለም። ወር አይሞላም! ይሄ ስድስት ወር ቁጭ ነው።"

"ላስቲክ ነው እኮ። መኪናውን ላስቲክ ልታለብሰው ነው?"

"ላስቲክም በይው፤ ይቆያል።"

"የሰሙን መልክ ያመጣል?"

እዚህ ላይ ትንሽ አመነታ። "በመልክ እንኳን ሰም ቀለሙን ሞቅ ያደርገዋል። አልክድም።"

ሳብሪያ ከዚህ ወዲያ አልሰማችም፤ የፈለገችውን ሰምታለችና። ሞኝ ግን አይደለችም። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ወንድሟ በሌለበት አንድ ባጃጅ ላይ ሲላንቱን ደብቃ ሞክራዋለች። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ባጃጁ ሊታጠብ መጣ፤ ውሃው አሁንም ድቡልቡል ጠብታ እየሆነ ይንከባለልበታል። እሷም ባጃጁን አጥባ ሸኘችና ለማንም ሳትናገር ዋለች።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መምህር ስጦታው ከቢቸና ጥቁር ሰማያዊ ቮልሳቸውን እየነዱ መጡ። መምህር ስጦታው ሞጣ እያስተማሩ ሳለ ሳብሪያን ሒሳብ ያስተማሯት ናቸው። አባቷ "ለሴት ልጅ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል" ያሉ ጊዜ ቤት ድረስ መጥተው፣ ሐጂው "እሺ" እስኪሉ ከወንበሩ አልነሳም ያሉም እሳቸው ናቸው። ይህን ውለታ ሳብሪያ የምትከፍልበት ቀን ስትፈልግ ኖራለች።

"እፀገነትን ልድራት ነው" አሏት። "የሙሽራው ወገን ላንድክሩዘር ተከራይቷል፤ አምስት ነው ይላሉ። ልጄ ግን በአባቴ ቮልስ ካልሆነ አልወጣም ብላለች። ሳብሪያ፣ በሰምም ይሁን በዚያ በጠርሙሱ፣ የሚሻለውን አንቺ ምረጪ። እኔ አላውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ብቻ በዚያን ቀን ማንም እንዳይስቅባት።"

ሌላ ሰው ቢሆን ቀላል ነበር። ለመምህር ስጦታው ግን ሳብሪያ እንደ ወትሮው ሰፈፍ አላቀለጠችም። ከእሸት ማር የተጨመቀ አዲስ ሰም ፈልጋ ገዛች። ሦስት ጊዜ የምታፈላውንም አንዴ ብቻ አፈላችው፤ የማሩ ሽታ እንዳይጠፋ ሳሳች። ጨርቋን ይዛ ወደ ቮልሷ ስትሄድ ሙሐመድያሲን ጠርሙሱን ታቅፎ ቆሟል። የጠርሙሱን አቧራ በእጅጌው ይወለውላል። ቢከራከራት መልስ ነበራት፤ ይህ ግን አንጀቷን በላው።

"ና እስቲ" አለችው። "ቀኙን አንተ፣ ግራውን እኔ።"

ምረጪ ቢሏት አካፈለች። እሷም ደስ አላት፣ እሱም ደስ አለው፤ ቮልሷም ከዳር እስከ ዳር አብለጨለጨች። ቆመው ቢያዩት፣ ጎንበስ ብለው ቢያዩት ልዩነቱ አይታወቅም። ሳብሪያ ግን ያንን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አላት።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ጥር ለንብ ክፉ ወር ነው፤ አደዩም ኑጉም ካለፈ ቆይቷልና የምትቀስመው አበባ ታጣለች። የመምህር ስጦታው ጎረቤት ወይዘሮ ባንቺዓለም ደግሞ አጥሩን ታክከው ስድስት ቀፎ ሰቅለዋል። ቮልሷ በዚያው አጥር ሥር አበባ ተሰክቶላት፣ ፀሐይ እየሞቃት አረፈደች።

ሳብሪያና ሙሐመድያሲን ቢቸና ደርሰው፣ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ከታረደው በግ ተስተናግደው ሲወጡ የሙሽራው አጀብ በክላክስ ከተማውን እያናወጠ መጣ። የሙሽራዋ ዘመዶች ሙሽራ አንሰጥም ብለው በር ሊይዙ ተሰለፉ። ንቦቹ ግን ቀድመዋቸው ነበር። ሱፍ የለበሱት ሚዜዎች ቮልሷ አጠገብ ሲደርሱ አበባቸውን ጥለው ድንኳን ውስጥ ገቡ፤ ቪዲዮ ቀራጩም ካሜራውን እንደቆመ ትቶ ተከተላቸው።

ሳብሪያ በሰው መሃል ሾልካ ቀረብ ብላ አየች። የቮልሷ ግራ ጎን በሙሉ በንብ ተሸፍኖ ይርመሰመሳል። ቀኙ ላይ አንዲት ንብ የለችም። ኮፈኑ መሃል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ይታያል።

"ሳብሪያ" አሉ መምህር ስጦታው፣ በዚያ በክፍል ድምፃቸው። "ይቺ መስመር ምንድን ናት?"

ሠርገኛው ሁሉ ዞሮ አያት። አርባ ዓመት ያለፋት የሁለት ልጆች እናት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመች መሰላት።

"አልመረጥሁም፣ መምህር" አለች። "ግራው የእኔ ሰም ነው፣ ቀኙ የወንድሜ ነው። ለመኪናዎ የሚሻለው የእሱ እንደሆነ አውቅ ነበር። ማመን ከበደኝና አካፈልሁት። አሁን በልጅዎ ሰው አሳቅሁባት።"

"ማነው የሚስቅ!" ብሎ ጮኸ ሙሐመድያሲን። "ንብ እኮ የውሸት ሰም አትነካም! እስቲ ገበያ ላይ ካለው ሰም ንብ የምትቀርበው የቱ ነው? የእህቴ ሰም ንጹህ ነው!"

ሳብሪያ ዘወር ብላ አየችው። ይህ ልጅ እሷን ደግፎ ሲናገር በዕድሜዋ ገና አሁን መስማቷ ነው።

ቀጥሎ የተናገሩት የሙሽራው አጎት፣ የቅኔው መምህር መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። መቋሚያቸውን ወደ ቮልሷ ዘርግተው፣ "ምን ያስጨንቃችኋል? ሰሙ በግራ ከሆነ ወርቋ በቀኝ ትግባ!" አሉ።

ግቢው በእልልታና በሳቅ ተናወጠ። እፀገነት ራሷ ከሁሉ በላይ ሳቀች፤ ቬሏን ሰብስባ፣ ሙሽራውን እጁን ይዛ እየጎተተች በቀኙ በር ገባች። ሚዜዎቹ ከድንኳኑ እያጮለቁ አጨበጨቡ። የቀረው የሹፌሩ በር ነበር፤ እሱ ደግሞ በግራ ነው። ሙሐመድያሲን ኮቱን ራሱ ላይ ጥሎ በባልዲ ውሃ እየረጨ ለመምህር ስጦታው መንገድ ከፈተላቸው። ሳብሪያ "ተው! ተው!" ስትል እሱ ሥራውን ጨርሶ ከንፈሩን ይዞ ተመለሰ።

መምህር ስጦታው ሞተሩን አስነሥተው መስኮቱን በጣት ያህል ዝቅ አደረጉት። "ሳብሪያ፣ እንዲህ ስቄ አላውቅም" አሏት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ቮልሷን ግን ምን ላድርጋት?"

"ማክሰኞ ያምጧት፣ መምህር። የእኔን በሙቅ ውሃ አስለቅቀዋለሁ" አለች። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማት ቀጠለች፦ "ግራውንም እሱ ይቀባዋል። ለመኪና የእሱ ይሻላል።"

ይህን ስትናገር የሚከብዳት መስሏት ነበር፤ ደስ አላት እንጂ አልከበዳትም። ቮልሷ አምስቱን ላንድክሩዘር አስከትላ፣ ጥቂት ንቦችም አጅበዋት ወደ ሞጣ መንገድ ወጣች። ሳብሪያ ወደ ወንድሟ ዞረች፤ አሁን መቼም አያስቀምጠኝም ብላ ጠበቀችው። ሙሐመድያሲን ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ግን እስከ አፍንጫው አብጦ ነበርና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል ሳይመልስ ራሱን ነቀነቀ።