ሥጋ የማይነካው ቢላ

ብረት እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲሄድ የሚያወጣው ሽታ አለ። ዝናብ የመታው ቆርቆሮም ይመስላል፣ የጉድጓድ ውሃም ይመስላል፤ ለመግለጽ አይመችም። ኮምቦልቻ የምሠራበት ሆቴል አዲስ የተቀጠረው ወጥ ሠሪ፣ ከዱባይ የተመለሰ ጎረምሳ፣ ጓሮ ባልዲ ደፍቶ ተቀምጦ ቢላውን ሲስል ያ ሽታ በኮሪደሩ በኩል እንግዳ መቀበያው ድረስ መጣ። አንድ እንግዳ ፊቴ ቆሞ መታወቂያውን ሲዘረጋልኝ እኔ ብድግ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። ድሮም ወንበር የሚበረክትልኝ ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ግን ጭራሽ እሾህ ሆነብኝ። ልጁ እንደገና ሲያየኝ ቀና ብሎ፣ የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የእንግዳውን መታወቂያ ልመዘግብ ተመለስኩ።

ያስታወሰኝ እትዬ ዘሀራን ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ ዳር በሚወርደው ቅያስ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት አጠገብ፣ በሰማያዊ ሸራ ሥር ዓሣ ትጠብስ ነበር። ቤታችንን ከቤቷ የሚለየው አንድ አጥር ነው። ከዓረብ አገር ስትመለስ እኔ ገና ማንበብ የለመድኩ ልጅ ነበርኩ። ሰፈሩ ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ታመጣለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ አንድ ሻንጣ ልብስ፣ ጡብ የሚያህሉ ሁለት ድንጋዮችና አንድ ረዥም ቢላ ይዛ መጣች። ድንጋይ በአውሮፕላን አሳፍራ መጣች እየተባለ ስንት ተሳቀባት። ሐይቅ ድንጋይ ያጣ ይመስል።

ቢላው የጃፓን ነው። በምትሠራበት ምግብ ቤት ከዕቃ አጣቢነት አንስቶ ዓሣ መቁረጥ ያስተማራት አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላት የሄደው ነው። ምላጩ ቀጭንና ረዥም፣ እጀታው ነጭ እንጨት፣ ከእጀታው ከፍ ብሎ በከተማው ማንም የማያነበው ፊደል ተቀርጾበታል። የሚሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ጎኑ ልሙጥ ነው። የእኛ ቢላ ሲዶለድም የበሩ ደፍ ላይ ሁለቴ ፈተግ ፈተግ ይደረግና ሥራውን ይቀጥላል፤ ከባሰም ሞረድ አለለት። ይሄኛው ግን ቅንጡ ነው። ድንጋዮቹ ጠዋት ባልዲ ውስጥ ይነከራሉ፤ አረፋቸው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ከዚያ መጀመሪያ ሸካራው ላይ፣ ቀጥሎ ልስልሱ ላይ፣ ዘሀራ ምላጩን በጣቶቿ ጫን እያለች ትገፋለች፣ ትስባለች። ሎሚ ከነካው ወዲያው ታጥበዋለች። ሙቅ ውሃ አታስነካውም፤ እርጥቡን አታሳድረውም፤ ከማንኪያና ሹካ ጋር አታስተኛውም። አድርቃ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ወልውላ፣ አናጢ ከዋንዛ በሠራላት ሰገባ ትከተዋለች። እናቴ፣ ይሄን ቢላ ክርስትና ላነሳልሽ ነው እያለች ትቀልድባታለች። ዘሀራም አትተኛላትም፤ ዘገየሽ እት አለም፣ ከሰለመ ቆየ ትላታለች።

ዘሀራ መቀመጥ የማትችል ሴት ነበረች። እያወራች ትነሳለች፤ ሻይ ይዛ አጥሩን ትዞራለች፤ የደሴ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር አንገቷ ይዞራል። አንዴ ከአገር የወጣ ሰው እግሩ ሁለተኛ አይመለስም ይላሉ፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም። የምትረጋው ድንጋዩ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ የማያትም ለዚያ ነበር መሰለኝ። እኔም እንደሷ ቁጭ በይ ሲሉኝ የሚያመኝ ልጅ ነበርኩ፤ እረፍት ያጣች ሴት ስታርፍ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ዓሣዋን እንደዚያ የተወደደ ያደረገው ጣዕሙ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር እስላም ክርስቲያኑ በሠርግም በለቅሶም አይለያይም፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን የየራሱን ያርዳል፣ የየራሱን ይበላል፤ ድስቱም ቢላውም ለየብቻ ነው። ዓሣ ግን አይታረድም። ስለዚህ ዘሀራ ጋ ከአንድ ትሪ ይበላል። ቅርፊት የሌለውን አምባዛ ክርስቲያን አይበላውምና አታስጠጋውም፤ የምትሠራው ቅርፊት ያለውን ቆሮሶ ብቻ ነው። ቢላዋም ከዓሣ በቀር ሥጋ የሚባል ነክቶ አያውቅም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ባጃጅ ነጂዎቹ፣ የመስጊዱ ሰዎች፣ ግሸን ደርሰው የሚመለሱ ተሳላሚዎች፣ በሁዳዴ ደግሞ ዓሣ ይጾማል አይጾምም እየተከራከሩ ዓሣ የሚበሉ የኛ ሰዎች፣ ሁሉም ያ ሸራ ሥር ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ።

ለዘሀራ ይህ ገበታ እንጀራ ብቻ አልነበረም። ልጇ ሐያት እናቷ ስትሄድ ጡት የጣለች ሕፃን ነበረች፤ ስትመለስ ትምህርት ቤት ለመግባት ደርሳለች። ዘሀራን በስሟ ነው የምትጠራት፤ "እማ" የምትለው አያቷን ነው። ሰው ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ ደግሞ መደወል አይሰለቸውም፤ ቪዛው አለቀ፣ ቦታው ተገኘ ይላል። ገበታው ጸንቶ ከቆመ ትቀራለች፣ ከወደቀ ትሄዳለች፤ ይህን ለእናቴ በግልጽ ነግራታለች። ሁለተኛ ከሄደች ሐያት የእሷ ልጅ እንደማትሆን ደግሞ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

በፋሲካ ዋዜማ ባቲ አክስቷ ሞተችና ለቅሶ ሄደች። ቢላውን ቤት ብትተወው ወንድሟ የሳርዲን ቆርቆሮ ይከፍትበታል። ስለዚህ ለእናቴ አደራ ብላ ሰጠቻት፤ እናቴም ቁም ሳጥን ውስጥ ከነጠላዎቿ ሥር አስተኛችው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር በዓል የሚያገኘው መንገድ ላይ ነው፤ በግ የሚያርድልን ከአምባሰል ደጋ የሚወርደው ወንድሙ፣ አጎቴ በላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በጉ ተገፎ ተሰቅሏል። አጎቴ የቤታችን ቢላ አልቆርጥ ሲለው ቤቱን በርብሮ የዘሀራን ቢላ አግኝቷል። ይህን የመሰለ ቢላ ደብቀሽ ኖሯል በዱልዱም የምታሳርጅኝ እያለ ይስቃል፤ ክፋት የለበትም፣ ደስ ብሎታል። የበጉን አንጓ ያለያየውም በእሱ ነው። ያ ብረት ዓሣ እንጂ አጥንት አይችልም፤ ደሙ ሲታጠብ ምላጩ መሃል ላይ የልጅ የፊት ጥርስ የወለቀ ይመስል ተሸርፏል። እናቴ ነጠላዋን እንደለበሰች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ያ ፋሲካ ሞቶብን ዋለ። እናቴ ከድስቱ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ቁም ሳጥኑ ትመላለሳለች። ሚኒባስ ሲቆም ትደነግጣለች፤ ዘሀራ ካልሆነች ደግሞ ትናደዳለች። አጎቴ ነገሩ ሲገባው የበጉን ቆዳ ጠቅልሎ ሹልክ ብሎ ወደ ደጋው ወጣ። እኔም እናቴና ዘሀራ የሚጣሉ መስሎኝ ፈራሁ።

ዘሀራ የመጣች ጠዋት እናቴ ቢላውን በሁለት እጇ ይዛ በአጥሩ በር ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።

"ዘሀራዬ፣ አደራሽን በላሁ" አለቻት።

ዘሀራ ከሰገባው አወጣችው። ጥፍሯን በምላጩ ላይ አስኬደች፤ ሽርፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። የጠየቀችው ስለ ሽርፉ አልነበረም፤ ሥጋ መንካቱን ነው። እናቴ የፋሲካውን በግ ነገረቻት። ዘሀራ ቢላውን ወደ ሰገባው መለሰችው። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ይህን የሚያውቅ በዚህ ግቢ ካለነው ሌላ ማንም የለም፤ ታጥቦ ተስሎ ዝም ቢባልስ አለቻት። እናቴ ዋሾ አልነበረችም፤ የጨነቀው ሰው የሚለውን ነው ያለችው።

"እኔ አውቃለሁ እኮ እት አለም" አለች ዘሀራ። "ሳያውቁ ላብላቸው? ወላሂ አይሆንልኝም።"

በማግስቱ ሸራው ሥር ለመጣው ሁሉ ራሷ ተናገረች፤ ቢላው በአደራ ቤት ሳለ የክርስቲያን በግ ታርዶበታል፣ እወቁት አለች። ማን እንዳረደበት አላነሳችም። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ የወሎ ሰው ፊት ለፊት አያስቀይምም። ባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ ሆዱን አመመው፣ አንዱ ጾም ያዘ፣ አንዱ ቤቱ ምሳ ጠበቀው። አንድ ሼህ፣ ብረት በውሃ ይጠራል፣ ምን ችግር አለው ብለው ነበር። ሆድ ግን ፈትዋ አይሰማም። የገበያ ቢላ ገዝታ ሞከረች፤ ዓሣውን ጨፈለቀው፣ አጥንቱም ውስጡ እየቀረ ጉሮሮ ወጋ። የኛ ሰዎችም እንደ ድሮው አልመጡም፤ ጓደኛው የሌለበት ትሪ ለብቻው አያስበላም። ደላላው ደወለ። ዘሀራ ስልኩን እያየች ቆመች፤ አላነሳችም፣ አልዘጋችም።

ከዚያ ድንጋዮቿን አወጣች። ሁልጊዜ የምትስለው ግቢዋ ውስጥ ነበር፤ አሁን ግን ባልዲዋን ተሸክማ ወርዳ ዓሣ ትቆርጥበት የነበረው ጠረጴዛ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ተቀመጠች። አንድ ሽርፍ ለማጥፋት ምላጩ ሁሉ ሽርፉ እስካለበት ድረስ መውረድ አለበት። ሸካራው ድንጋይ ላይ ትገፋለች፣ ትስባለች፤ ውሃ ትጨምራለች፤ ግራጫ ጭቃ በጠረጴዛው እግር ይወርዳል። ጠዋት ጀምራ ጀርባዋ እስኪንቀጠቀጥ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ቸኩላ ብትጫነው ብረቱ ይግላል፣ ይበላሻል፤ ስለዚህ ያቺ አንድ ቦታ የማትረጋ ሴት ልትጮህ ደርሳም ቢሆን በቀስታ መግፋት ነበረባት። ከንፈሯን ስትነክስ አይቻለሁ። ሐያት ባልዲውን እየረገጠች፣ ዘሀራ መቼ ነው የሚያልቀው ትላታለች። እናቴ ውሃ ታመላልሳለች፤ ወሬ የለም፣ ቀልድ የለም።

ከመንገዱ ማዶ ሐጅ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የዘሀራ የመጀመሪያ ደንበኛ እሳቸው፣ ቀድመው የቀሩትም እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሲቀሩ ነው ሌላውም የቀረው። ከሱቃቸው በራፍ ወንበር ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ያን ሁሉ ቀን ያያሉ። ዘሀራ ቀና ብላ አታያቸውም።

ሽርፉ ወደ ጭረት ተለወጠ፤ ጭረቱም ጠፋ። ልስልሱን ድንጋይ ጨርሳ ምላጩን በጨርቅ ስታደርቅ ሐጅ ሰይድ መንገዱን ተሻገሩ። ቢላውን ተቀበሏት፤ ወደ ብርሃን አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ከበፊቱ ጠብቧል፤ ያስታውቃል። ባጃጅ ነጂዎቹም ቀረብ ብለዋል።

"ያ በጉን የነካው ብረት የት ገባ?" አሏት።

"ይኸው አባ ሐጅ" አለች፤ እግሯ ሥር ያለውን ግራጫ ጭቃ አሳየቻቸው።

ሐጅ ሰይድ ጭቃውን አዩት፤ ቆይተው ጫማቸውን ከሱ ፈቀቅ አደረጉ። ቢላውን መለሱላትና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲያው ራበኝ፤ ዓሣ አብዪኝ።"

እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ፋሲካውን ሙሉ ይዛው የከረመችውን ለቅሶ ሸራው ሥር ለቀቀችው። ባጃጅ ነጂዎቹም አንድ በአንድ ሆዳቸው ዳነ።

ዘሀራ ቀረች። ክረምት በመጣ ቁጥር ዘንድሮስ እሄዳለሁ ማለቷን አልተወችም፤ የሚያምናት ግን ጠፋ፤ ደላላውም ደክሞት ተወ። ሐያት "እማ" ለማለት ጊዜ ፈጀባት፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳታስበው አፏ ላይ መጣ። ቢላው በየዓመቱ እየጠበበ፣ እየቀጠነ ሄደ። እኔም አደግኩ፣ ሐይቅን ለቅቄ ወጣሁ፤ እንደ ዘሀራ እግር እግሬም አንድ ቦታ አልበርድ ብሎት ስንት ከተማ አዳረሰኝ።

ዘሀራ ታማ የሞተች ጊዜ ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረስኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ድምፅ ከፍ ከፍ ብሏል። በአገሩ ልማድ ለሰደቃዋ በሬ መታረድ አለበት፤ ለክርስቲያን ለቀስተኛ ደግሞ ለብቻው ይሠራል። እሷ ግን ለሐያት ተናዝዛ ኖሯል፤ በእኔ ሞት ምንም እንዳይታረድ፣ ሰው ሁሉ ከአንድ ትሪ ይብላ ብላለች። ዘመዶቿ ተቆጡ፤ ያለ እርድ ለቅሶ ውርደት ነው፣ ባቲ ምን ይለናል አሉ። ሐያት ደክሟት ነበር፤ አልተከራከረችም። ቢላውን አምጥታ እናቴ ጭን ላይ አኖረችው። እናቴ እጄ ሥጋ የነካ ነው ብላ ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ነክታው አታውቅም። አሁን ግን ከሐይቁ የመጣውን ቆሮሶ መቁረጥ ጀመረች፤ እኔም ድንጋዩን ነከርኩላት። የባቲ ዘመዶች ቆመው ቆይተው፣ ሌላው ሲቀመጥ እነሱም ተቀመጡ።

አሁን በዚያ ቅያስ ሰው ሲሞት፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ በማለዳ አንድ ሰው ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ይላካል። በሬ የሚያርድም ያርድ፤ ቀድሞ የሚጠየቀው ግን ሐይቁ ዛሬ ዓሣ ሰጥቷል ወይ የሚለው ነው።