የባቡር ጣቢያ ኃላፊው ደብተር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከማስተምርበት ክፍል የወሰዱኝ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ ነው። የገባሁበት የእስር ክፍል ሲሚንቶው ርጥብ ነበር፤ ባልዲው በሩ ሥር ተቀምጧል። ጥግ ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

በድሬዳዋው መስመር የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ አማኑኤል ተመልሰዋል። ቤታቸው ሲፈተሽ ሰዓት፣ ቁጥርና የሰው ስም የሞላበት የድሮ የሥራ ደብተር ተገኘ። መርማሪው የምስጢር መልእክት ነው አለ።

«ምንድን ነው የተጻፈው?» አልኳቸው።

«ሐዲዱ አንድ ነው፣ መምህር። ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ቢገናኝ መሸሻ የለውም። ስለዚህ በሁለት ጣቢያ መካከል ለማለፍ ነጂው የሚይዛት አንዲት ምልክት አለች፤ ክንድ የማትሞላ ብረት። ነጂው እሷን ካልጨበጠ ንቅንቅ አይልም። ሲደርስ ለዚያኛው ጣቢያ ያስረክባል። እኔ የጻፍኩት ማን እንደተቀበለ፣ ማን እንዳስረከበ ነው።»

«ይህን አልነገሯቸውም?»

«ሦስት ጊዜ። ሰውየው ባቡር አይቶ አያውቅም።» ሊስቁ ሲሉ ሳል አቋረጣቸው።

በአምስተኛው ቀን እኔን ጠሩኝ። የምፈርምበት ወረቀት አስቀድሞ ተጽፏል፤ የሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ስም አለበት። እግሬ አብጦ መቆም አቅቶኝ ነበር። ፈረምኩ። ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ መርማሪው ለሽማግሌው ሌላ ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ግብረ አበሮችዎ ናቸው። ይፈርሙና ቤትዎ ይግቡ።»

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«እነዚህ ባቡር ነጂዎች ናቸው። ግማሾቹ ሞተዋል።»

«ታዲያ ለሞተ ሰው ምን አስጨነቀዎት?»

«ግማሾቹ አልሞቱማ፣ ልጄ።»

እስክሪብቶውን በሁለት እጃቸው መለሱለት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ፤ እያንዳንዳችንን በስማችን ተሰናብተው ወጡ። አልተመለሱም። የት እንደወሰዷቸው የነገረን የለም።

ስፈታ አማኑኤል ድረስ ሄጄ ባለቤታቸውን አገኘኋቸው። እሳቸውም ወሬ አልነበራቸውም። አለመፈረማቸውን ነገርኳቸው፤ የሚጽናኑ መስሎኝ ነበር።

«ፈርሞ ቢመጣልኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ።

የእኔን አልነገርኳቸውም።

ስማቸው ላይ ከፈረምኩባቸው ባልደረቦቼ አንዱ ከዓመታት እስር በኋላ ተመልሶ አሁን አብረን እናስተምራለን። ጠዋት ጠዋት ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው። ያውቅ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።