ሰርካለም የገጣጠመችው የጌም ኮምፒውተር

ሰቆጣ ከተማ የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት የምትሰጠው ሰርካለም፣ የኳስ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር በገዛ እጇ ካልገጣጠምኩ ብላ ቆርጣ ተነሳች። በ1999 ዓ.ም. ዕቃ ልትመርጥ መቀሌ ስትሄድ፣ የዝቋላው ፍየል ነጋዴ አባቷ አቶ ካሤ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለው ተከተሏት።

ማዘርቦርዱንም፣ ራሙንም፣ የጌም ካርዱንም እሷ መረጠች። ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲደርሱ ግን አባትዬው ጣልቃ ገቡ። የሰርካለም ዓይን ያረፈው ሰማያዊ መብራት በሚረጨው ላይ ነበር። እሳቸው ገበያ ላይ ፍየል እንደሚመርጡት የተደረደሩትን በየተራ ብድግ እያደረጉ መዘኑና ከሁሉ የከበደውን ግራጫ ታቀፉት።

«ይኼ ነው! ያንቺው ሥጋ የለውም።»

«አባዬ፣ ፍየል መሰለዎት እንዴ?»

«ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር የትም አያደርስሽም!»

ሻጩ በሳቅ ፈረሰ። ሰርካለም አፈረች፤ አባቷን ማስቀየም ግን አልሆነላትም፣ እያጉረመረመች ግራጫውን ገዛች።

ሰቆጣ ተመልሳ ኮምፒውተሩን በገጣጠመች ማግስት ቤቱ በተመልካች ጢም አለ። ሰርካለም ጌሙ ላይ ኳሷን ይዛ ወደ ጎል ስትገሰግስ የጎረቤት ወፍጮ ተነሳ። ወፍጮው በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ይደክማል፣ የጽሕፈት ኮምፒውተሯም ድርግም ይላል። አሁንም አምፖሉ ደበዘዘ፣ የጽሕፈቱ ኮምፒውተር ጠፋ። አዲሱ ግን በከባዱ ግራጫ ፓወር ሰፕላይ ተደግፎ ፍንክች አላለም። ሰርካለም መታች፤ ገባ!

ቤቱ በጩኸት ሲናወጥ አቶ ካሤ ተጠግተው የኮምፒውተሩን ጀርባ እንደ ፍየል ወገብ መታ መታ አደረጉት።

«እስኪ አሁን ይሳቅ ያ ሻጭ!»