ይርገዱ የማን ልጅ ናት?

ባለፈው ሳምንት ኦስሎ፣ ሆልምሊያ ሰፈር፣ በምኖርበት ሕንፃ በር ስገባ ደረጃው ገና ታጥቦ እርጥብ ነበር። አንዱ ጎረቤቴ በዚያ በድሮው አረንጓዴ ሳሙና፣ የኖርዌይ አሮጊቶች ከወለል እስከ ምንጣፍ ሁሉን ነገር በሚያጥቡበት ሳሙና ወልውሎት ሄዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ሽታው ልጅነቱን አምጥቶለት ሆዱ ይባባ ይሆናል፤ እኔን ግን ጥርሴን ነው ያስነከሰኝ። ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ከአርባ ማለፌን ረስቼ ወዳደግኩበት ሰፈር ወደ ትሮስተሩድ ተመለስኩ፣ እናቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ደረጃ ከምታጥብበት፣ እኔ ከላይ ተቀምጬ እግሬን ከማወዛውዝበት ቤት፤ ከዚያ ቤት እንግዶች ጋር ያለኝ ቂምም እስከ ዛሬ እንዳልበረደልኝ አወቅሁ።

ቤታችን ከቲ-ባኑ፣ ከከተማው ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ ብሎክ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ክረምት ሲሆን መግቢያው በእርጥብ የሱፍ ጓንትና በዓሣ ጥብስ ሽታ ይታፈናል፤ ደረጃ የሚታጠበው በተራ ነው፤ ተራ የደረሰው ቤት በር ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት ምልክት ትንጠለጠላለች፣ ያጠበ ሰው ደግሞ ወደ ጎረቤቱ በር ያሻግራታል። እኛ በር ላይ፣ ከምልክቷ ከፍ ብሎ፣ አባቴ በነሐስ አስቀርጾ ያስለጠፈው «ሽበሺ» የሚል ስም ነበር። እናቴ ነሐሱን በየሳምንቱ ትወለውለዋለች፤ ሰው የማይወደውን እንግዳ እንደሚያስተናግድ ፊቷን አዙራ ነበር የምትወለውለው።

ሽበሺ የአባቴ አባት አይደለም፤ አያቱም አይደለም። አባባ ኖርዌይ ሲገባ የቤተሰብ ስም ተጠይቆ፣ የገዛ አባቱን ዘሎ፣ አያቱን ዘሎ፣ ወደ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ ፊታውራሪ ሽበሺ ላይ አረፈ፤ የቤተሰብ ስም ማለት የትልቁ ሰው ስም መስሎት ነው። ስዊድን የገባው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ አያታቸውን መርጦ ኖሮ፣ የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ባዕድ ሆነው አረፉት። ይሄ እንኳ ያስቃል። የማያስቀው እናቴ ላይ የደረሰው ነው፤ ከአገሯ ይርገዱ ቦጋለ ሆና ወጥታ ኦስሎ ላይ ይርገዱ ሽበሺ ሆና ወረደች። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደማትለቅ አባባ ጠፍቶት አይደለም፤ አገር ቤት ቢሆን ራሱም ያፍርበት ነበር። ስትጠይቀው ግን «የአገሩ ሕግ ነው» ይላታል። ሕግ አልነበረም። ቦጋለ ቀጥቃጭ ስለነበረ ነው።

ወላጆቼ የተገናኙት ካርቱም፣ በስደት ነው፤ እዚያ ማንም ማንንም የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው ውሃ የት እንደሚገኝ ነው። አባባ የማን ልጅ እንደሆነች አውቆ አገባት፣ ወደዳትም፤ ይህን አልነፍገውም። ኦስሎ ሲደርስ ግን ዘመዶቹን አገኘና ወኔው ከዳው።

ዘመዶቹ ማኅበር ነበራቸው፤ የፊታውራሪው ልጆች ነን ብለው በወር አንድ እሑድ በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ። አለቃቸው ጋሽ ካሣሁን ነበር፣ አጭር፣ ንጹሕ፣ ከረባቱን ለመኝታም የሚያወልቅ የማይመስል ሰው፤ ቀን ቀን ፖስታ ቤት ደብዳቤ ይደረድራል፣ የቀረውን ዕድሜውን የዘር ሐረግ በመሳል ጨረሰው። ተራው ሲደርሰን ሐረጉን የሣለበት ወረቀት ሳሎናችንን ያለብሰዋል፤ ጫፎቹ እንዳይጠቀለሉ የእንግዶቹን ጫማ በአራቱም ማዕዘን እንጭንበታለን። ከሥር እስከ ጫፍ ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ፊታውራሪው ያን ሁሉ ወንድ ልጅ ብቻውን አርግዞ የወለደው ይመስላል። ከዚያ እኛ ልጆች ተራ በተራ ቆመን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ የተሰናከለ ጆሮው ይቆነጠጣል። እኔ አልሰናከልም ነበር። ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነዚያን ሰባት ሰዎች እወርድባቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም አልወዳቸውም።

እናቴ በእነዚያ እሑዶች ከኩሽና አትወጣም። ስለ አባቷ የሚጠይቅ ከተገኘ አባባ ቀደም ብሎ «ገበሬ ናቸው፣ ጨዋ ሰው ነበሩ» ይልላታል። እሷም ድስቷን ታማስላለች።

የምትናገረው ደረጃው ላይ ነው፤ ለዚያውም በኖርዌጅኛ፣ ለዚያውም ለሄልጋ። ሄልጋ ፊት ለፊታችን የምትኖር፣ ከቴሌማርክ ገጠር የመጣች ባልቴት ነበረች፤ ተራዋ ባይሆንም ቡናዋን በፔርሙስ ይዛ ወጥታ እናቴ ስታጥብ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። የአውራጃዋ ሰው ሁሉ ከነእርሻው የተጻፈበት ወፍራም መጽሐፍ ነበራት፤ ጭኗ ላይ ዘርግታ ዘመዶቿን በጣቷ ታሳየናለች። የእነሱ ስም የሰው ሳይሆን የእርሻ ነው፤ ሰውየው ሌላ እርሻ ላይ ከገባ ስሙም አብሮ ይለወጣል። እናቴ ይህን ስትሰማ መወልወያውን ጥላ ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ሳሎናችን ውስጥ አይቻት አላውቅም። ሄልጋ ከሁሉም የምትኮራው ግን በአያቷ ነበር። አያቷ ቀጥቃጭ ነበር፤ ሌላው ሰው የንጉሡን ፎቶ በሚሰቅልበት፣ ከሶፋዋ በላይ፣ የቆዳ ሽርጡን ታጥቆ መዶሻውን ይዞ ተሰቅሏል።

እናቴ ፎቶውን ያየች ዕለት «ሚን ፋር ቫር ስሜድ» አለች። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር ማለቷ ነው። ያንን ቃል በአማርኛ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም፤ በአማርኛ ስድብ አብሮት ይመጣል፤ ቡዳ አብሮት ይመጣል፤ በኖርዌጅኛ ግን ሥራ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አያቴን ደረጃው ላይ፣ በእናቴ ስብርባሪ ኖርዌጅኛ አወቅሁት፤ ማረሻ እንዴት እንደሚያሾል፣ ብረቱ ሲግል ቀለሙን አይቶ ጊዜውን እንደሚያውቅ፣ ገበያ ላይ ሰው ማጭዱን ገዝቶት እጁን ግን እንደማይጨብጠው። ሄልጋ የመጨረሻው አልገባትም። «ለምን?» ትላለች። እናቴ ቃሉ ይጠፋትና ትከሻዋን ሰብቃ ባልዲዋን ታነሳለች።

አንድ እሑድ ተራው የእኛ ሆነ። ትሪው ዙሪያ ሰው ሞልቷል፣ ዶሮው ቀርቧል፣ ጋሽ ካሣሁን ሐረጉን ጠቅልሎ ግድግዳ አስደግፎ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ማንሳቱ ነው፤ ደወል ተደወለ። ሄልጋ ናት፣ በሱፍ ካልሲዋ፣ በማድቤት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ። አያቷ የሠራው የብረት መስቀያ ነበር። ለውጭ ሰው እንደሚነገረው ድምጿን ከፍ፣ ቃሏን ቀስ አድርጋ፣ ያ ሁሉ እንግዳ እየሰማ እንዲህ አለች፦

«ይርገዱ፣ ይሄ ካንቺ በቀር ለማንም አይገባም። የቀጥቃጭ ልጅ ስለሆንሽ ዋጋውን ታውቂዋለሽ።»

ኖርዌጅኛ ያልገባው ሰው አልነበረም። ጋሽ ካሣሁን እጁን ከትሪው ላይ አነሳ። አንዱ የጎረሰውን እንዳይውጠው እንዳይተፋው ሆኖ ጉንጩ እንዳበጠ ቀረ፤ ሌላው «በስመ አብ» አለ። አንዲት ሚስት፣ ስትመጣ ሕፃኗን እናቴ አቅፋ የሳመችላት ሴት፣ ልጇን ከእናቴ ዓይን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። ያቺን ሴት አንዳንዴ እዚሁ ኦስሎ፣ ግሮንላንድ ሰፈር በርበሬ ስገዛ አገኛታለሁ፤ ሰላም ትለኛለች፣ እኔ ሰላም አልላትም።

አባባ ሳቀ። ከሚገባው በላይ ረጅም ሳቅ ነበር። «ኖርዌጅኛዋ ደካማ ስለሆነ ነው እኮ» አለ፤ «ሌላ ነገር ልትል ፈልጋ ነው። ንገሪያቸው እንጂ፣ ይርገዱ።»

እናቴ የወጥ ጭልፋ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማለች። አባባን አየችው፤ ሄልጋን አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ እኔ ላይ ነው የቆየችው። የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ከተባልኩ እነዚህ ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር እንደማያጫውቱኝ፣ ኋላም እንደማይድሩኝ ታውቃለች።

«ተሳስቼ ነው» አለች። «አባቴ ገበሬ ነበር።» ቀጥላም ወደ ሄልጋ ዞራ ያንኑ በኖርዌጅኛ ደገመችው፦ «ኔይ፣ ሄልጋ። ኢከ ስሜድ። ቦንደ።»

«ማረሻ እንደሚያሾል ነግረሽኝ የለም?» አለች ሄልጋ።

«ኔይ» አለች እናቴ።

«እንዲያ በይና!» አለ ጋሽ ካሣሁን፤ እጁን ግን ወደ ትሪው አልመለሰም። «ለመሆኑ የአቶ ቦጋለ አባት ማን ይባላሉ?»

እናቴ አፏን ስትከፍት አባባ ቀደማት። «ባላምባራስ ደስታ» አለ፣ ከዓይኑ ፊት ካለው አየር ላይ አንስቶ። ጋሽ ካሣሁን ጥቂት አሰበና የሚያውቃቸው ደስታዎች እንዳሉ ተናገረ። ሄልጋ መስቀያውን መልሳ ጠቀለለችው። እንግዶቹም ላለማሳፈር ብለው በጣታቸው ጫፍ እየቆነጠሩ ጥቂት በሉ፤ ትሪው እንደሞላ ማለት ይቻላል ወደ ኩሽና ተመለሰ።

ጠላኋቸው። ልጅ ሆኜ እንዴት እንደሚጠላ የማላውቅ መስሎኝ ነበር፤ በቀላሉ ይቻላል። አባባንም ጠላሁት፣ ምንም እንኳ ያን ቀን ማታ ሳህኑን ሁሉ ራሱ አጥቦ፣ እናቴን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ሲንጎራደድ ባየውም። ከዚያ በኋላ እናቴ ደረጃውን ሰው ሳይነሳ በማለዳ ማጠብ ጀመረች። ሄልጋ ፔርሙሷን ይዛ ስትወጣ ደረጃው ደርቆ ይጠብቃታል፤ አንድ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ እናቴ አልከፈተችም፤ በኋላ ልጇ መጥታ ወደ ቴሌማርክ ወሰደቻት። ማኅበሩ ግን መምጣቱን አላቆመም። ሰው ደጋግሞ ሲጠይቃት እናቴ ራሷ «ቦጋለ ደስታ፣ ባላምባራስ ደስታ» ማለት ለመደች። መጀመሪያ ስትለው ጆሮዋ ይቀላ ነበር፤ ኋላ ኋላ አይቀላም።

አባባ ዓምና በበልግ ሞተ። በተዝካሩ ዕለት ጋሽ ካሣሁን፣ አሁን ምርኩዝ ይዞ፣ በተከራየነው አዳራሽ ማይክራፎን ፊት ቆሞ የሟቹን ሐረግ እስከ ፊታውራሪው ወጣበት፤ ሰዉም ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ከፊት ወንበር በጥቁር ልብሷ ተቀምጣለች፤ ለእሷ ማንም አልቆጠረላትም፣ ማንም አልጠየቃትም። ደሜ ፈላ። ሰዉ ሲበተን ትሮስተሩድ አደረስኳትና ካፖርቴን ሳላወልቅ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«እማዬ» አልኳት፣ «አሁን ማንም የለም። አባትሽን ቁጠሪልኝ።»

ወደ በሩ አየች፣ ሰው ይሰማ እንደሆነ። ከዚያ ፊቷ በራ፤ እንዲህ ሲበራ ካየሁት ስንት ዘመኑ። «ይርገዱ ቦጋለ» አለች፣ «ቦጋለ… ባላምባራስ…» አለችና እጇን አፏ ላይ ጣለች።

«እሱን አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ። እሱን አይደለም። ቆይ።» ዓይኗን ጨፈነች። «አባቴ ያስቆጥረኝ ነበር እኮ። ሲሠራ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርኩ። ቀኙን ስጫነው አንድ ስም፣ ግራውን ስጫነው አንድ ስም። ብረቱ እስኪግል ስንት ጊዜ እንመላለስበት ነበር።»

ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አወጣች። ቀኙን ተጫነች፤ «ቦጋለ» አለች። ግራውን ተጫነች፤ ከንፈሯ ተከፈተ። ደግማ ከቀኝ ጀመረች። እጆቿ አልረሱም ነበር፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ሳይሳሳቱ ይወርዳሉ፣ አፏም አብሯቸው ይከፈታል፣ ምንም ግን አይወጣበትም።